ለዱቄት ቤት ስንፈልግ

የረጠበ ውሻ ጠረን ማንም የሚወደው ነገር አይደለም። እኔን ግን፣ አሁን ደሴ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ካፊያ በጣለ ቁጥር የአከራዮቼ ውሻ ከደረጃው ሥር ገብቶ ራሱን ሲያራግፍ፣ ያ ሞቅ ያለ እርጥብ ጠረን በመስኮቴ ገብቶ የያዝኩትን ሥራ ያስጥለኛል። ወዲያው የናፍታና የማሽላ ዱቄት ሽታ ተከትሎት የመጣ ይመስለኛል፤ ግቢው ውስጥ ግን ናፍታም ዱቄትም የለም። ያ ሽታ ያለው ሐይቅ ከተማ፣ ከአባቴ ወፍጮ ቤት ነው፤ ያውም ወፍጮው ቆሞ በነበረበት በዚያ አንድ በጋ።

አባቴ እንድሪስ ወፍጮ ቤቱን የከፈተው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ ከሚወስደው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ የጓሮ በሩ ሲከፈት ሐይቁ ከታች ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ማለዳ ሞተሩ ሲነሣ የቤታችን ጣሪያ ይንቀጠቀጥና እኔም በዚያው እነቃ ነበር። ሰው ከየገጠሩ እህሉን በአህያ ጭኖ እየመጣ፣ ወረፋውን በጆንያው አስይዞ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጫወት ነበር። አባቴ ከቅንድቡ እስከ ጢሙ ነጭ ሆኖ ይውልና የሶላት ሰዓት ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከበርሜሉ ውሃ ቀድቶ ውዱእ ሲያደርግ፣ ፊቱ ከዱቄቱ ሥር ቀስ እያለ ሲወጣ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

እናቴ ሉባባ በዚያ ሁሉ ውስጥ አልነበረችም። እኔ ጡት እንደጣልኩ ቤሩት ሄዳ፣ እኔን አክስቴ አሳድጋኝ፣ የተመለሰችው በለውጡ ሰሞን ነው፤ ሰው ሁሉ በየበረንዳው ስለ መጪው ዘመን ከፍ ባለ ድምፅ በሚያወራበት፣ ከዐረብ አገርም ብዙ ልጆች ሻንጣቸውን እየጎተቱ በሚገቡበት ጊዜ። ከመኪናው እንደወረደች እቅፍ አድርጋኝ አለቀሰች፤ እኔ ግን ሽቶዋ እንግዳ ሆኖብኝ ዐይኔን ወደ አክስቴ መለስኩ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ እንግዳ ሆና ቆየችብኝ። የታጠበ ሰሃን መልሳ ታጥብ ነበር። ሰው ሲጠራት ከየትም ትሁን ሮጣ ትመጣ ነበር። እኛ ገበታ ከበን ስንበላ እሷ ጓዳ ውስጥ ቆማ ትበላ ነበር። አባቴ «ሉባባ፣ ነይ እንጂ ቁጭ በይ» ሲላት «አብሽር፣ እበላለሁ» ትላለች እንጂ አትመጣም። ስለ ቤሩት አንድም ቀን አላወራችም፤ እኔም «እማ» ማለት ምላሴ ላይ እየከበደኝ፣ ስፈልጋት አጠገቧ ሄጄ እስክታየኝ ድረስ ዝም ብዬ እቆም ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በመጀመሪያ የሩቅ ወሬ ነበር። በዚያ ክረምት ግን ከሰሜን የተፈናቀሉ ሰዎች በአስፋልቱ እየጎረፉ መጥተው ትምህርት ቤታችንን ሞሉት፤ አባቴም እናቶች በፌስታል ቋጥረው የሚያመጧትን እህል እየተቀበለ፣ «ሂሳቡ ይቆይ፣ አገራችሁ ስትገቡ» እያለ ይፈጭላቸው ነበር። ጥቅምት ላይ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከውጫሌ በኩል፣ በአምባሰል ገደል እየተላተመ ይሰማ ጀመር፤ ጎረቤቱም ሁሉ በአንድ ጠዋት ተነሣ። አባቴ የወፍጮ ቤቱን በር ቆልፎ፣ ቁልፉን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። እኛም ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በተገኘ መኪና ደሴ ገባን፤ ከደሴም ቆይታ አልነበረንም፤ እየገፋን ደብረ ብርሃን ደረስንና በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ምንጣፍ ተጋርተን ከረምን።

የተመለስነው ታኅሣሥ ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሐይቁም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሰማያዊ ነበር። አባቴ ወደ ቤት እንኳ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ፤ እኔና እናቴም ተከተልነው። እደጁ ላይ ቆሞ ቁልፉን ከአንገቱ ሲያወልቅ፣ በሩ ራሱ እንደሌለ ያየው ያኔ ነው። ቁልፉን ይዞ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ኪሱ ከተተውና ገባ። የሞተሩ ፓምፕ ተነቅሏል፣ ወፍጮውን የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ ተቆርጧል፣ ጆንያዎቹ ተቀዳደው ዱቄቱ ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ ሚዛኑን ሁሉ አልብሶታል። አባቴ «አልሀምዱሊላህ፣ ነፍሳችን አለች» ብሎ በግንባሩ ግድግዳውን ተደገፈ። ይህን ጊዜ ነው ከሞተሩ ጀርባ አንድ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ያየሁት።

የፍየል ግልገል መስሎኝ ነበር። ቀረብ ስል ሁለት ቡናማ ዐይኖች አዩኝ። ከጆሮው እስከ ጭራው ዱቄት የለበሰ ውሻ ነበር፤ የኋላ እግሩ ላይ ብቻ ዱቄቱ ከደም ጋር ተቦክቶ ጠቁሯል። አልጮኸም። አልሸሸም። አባቴ ዱላ ሲያነሣ ውሻው ጭንቅላቱን ወለሉ ላይ አስተኝቶ ዐይኑን ጨፈነ፤ እናቴም የአባቴን ክንድ ያዘችና «ተው እንድሪስ፣ እግሩን እየው። እሱም እንደኛ ነው» አለችው።

ከዚያ ወጥታ ሄደች፤ የፈራች መስሎኝ ነበር። ቆይታ ስትመለስ ጨው ጥላ ያፈላችውን ውሃ በባልዲ ይዛ፣ ከቤሩት የመጣውን ቀይ ሻርፗን በጥርሷ እየቀደደች ነበር። ውሻው አጠገብ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ አፉን በግራ እጇ በዘዴ ያዝ አድርጋ ቁስሉን ታጥበው ጀመር። ከውስጡ አንዲት የብረት ፍንጣሪ አወጣች። ውሻው ተንቀጠቀጠ እንጂ ሊነክሳት አልሞከረም። እጇ ሥራውን ያውቀው ነበር፤ የት እንደሚነካ፣ መቼ እንደሚቆም፣ መቼ ጆሮውን እንደሚያሻሽ።

«የት ተማርሽው?» አልኳት።

«እዚያ» አለች። ጨርቁን ጠመዘዘች፤ እኔም በቃ አበቃ ብዬ ነበር፤ ግን ቀጠለች። «ቤቱ ውስጥ ሁለት ውሾች ነበሩ። ማጠቡ፣ ማበጠሩ፣ ማዞሩ የኔ ሥራ ነበር። የነሱ ስም ከተወለዱ ጀምሮ ያው ነው። የኔን ግን በገባሁ ዕለት ቀየሩት፤ ሉባባ ይከብደናል ብለው ሊሊ አሉኝ።»

«ትጠያቸው ነበር? ውሾቹን?»

«እነሱ ምን አጠፉ ዘይኑ? ስታመም እግሬ ሥር የሚተኙት እነሱ ነበሩ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄንን ማን እንበለው?»

«ዱቄት» አልኩ፤ ሌላ ምን ልል እችላለሁ? እናቴ ሳቀች። ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። አጥበን ስንጨርስ ዱቄት ነጭ ሳይሆን ቀይ ዳማ ውሻ ሆኖ ወጣ፤ ስሙን ግን አልቀየርንበትም። አንገቱ ላይ የቆዳ ማሰሪያ ነበረው፣ የሰው ውሻ ነበር ማለት ነው፤ ሰፈሩን ሁሉ ብንጠይቅም የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም።

አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። በማግሥቱ እናቴን በረንዳው ላይ አስቀምጦ እንዲህ አላት፦ «ሉባባ፣ ነፍስ ነው፣ አልጠላሁትም። ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ እኔም ሰምቻለሁ። ግን ይሄ የሰው ምግብ የሚፈጭበት ቤት ነው። ውሻ ወዳደረበት ወፍጮ እስላሙም ክርስቲያኑም እህሉን አያመጣም። ቤታችንም ቢሆን ከሶላት መስገጃው እስከ ደጁ አንድ እርምጃ ነው። ሞተሩ እስኪጠገን ይቆይ፤ ሞተሩ የተነሣ ዕለት ይወጣል።»

እናቴ «እሺ» አለች፤ «ግን ወደ ቤት ነው የሚወጣው። ወደ ሜዳ አይደለም።»

አባቴ ጢሙን እየዳበሰ ትንሽ አሰበና «ወደ ቤት» አለ።

ያ በጋ ለውሻ ክፉ በጋ ነበር። ሰው ከስደቱ ሲመለስ ባለቤት ያጡ ውሾች በየጥጉ በቡድን ይዞሩ ነበር፤ «ሜዳ ላይ የቀረ ውሻ ምን ሲበላ እንደከረመ ማን ያውቃል?» እየተባለ ይወራና፣ ልጆች ድንጋይ ይወረውሩባቸው፣ ትልልቆቹም ዐይናቸውን ያዞሩባቸው ነበር። ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ መርዝ ሊሰጠው ነው የሚል ወሬም ተነሣ። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት ከቀይ ሻርፗ የተረፈውን ቀድዳ፣ ከሩቅ እንዲታይ አድርጋ ዱቄት አንገት ላይ አሰረችለት። እኔና እሷ ምሳችንን ወፍጮ ቤት እየወሰድን፣ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እየበላን እሱንም እናበላው ነበር። ልብሴን የላሰኝ ቀን አባቴ እንደ ሸሪዓው ባዘዘው መሠረት በአፈር ጭምር ደጋግመን እናጥብ ነበር፤ እናቴ ግን ማጠቡ አይሰለቻትም፣ እያጠበች ታወራኝ ነበር። ስለ ባሕሩ፣ ስለ ሰገነቱ፣ ከሰገነት ሰገነት በእጅ ምልክት ስለምታወራት አንዲት የቦረና ልጅ። ውኃው ባልዲ ውስጥ ሲጠቁር ሌላ ቀድተን እንደገና እንጀምራለን።

ሞተሩን የሚጠግነው መካኒክ ደምሴ የሚባል የውጫሌ ሰው ነበር። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የመፍቻ ቦርሳውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከባጃጅ የሚወርድ ሰው። መለዋወጫው እንደልብ አይገኝም፤ አንዱን ዕቃ ከደሴ፣ አንዱን ከኮምቦልቻ እየፈለገ፣ እየመጣ እየሄደ ይሠራ ነበር። ቤታችን በዘመድ ስንዴ የሚኖር ቤት ሆኖ ሳለ፣ አባቴም በየሶላቱ ስለዚያ ሞተር ዱዓ እያደረገ፣ እኔ ደምሴ አንድ ብሎን ባጠበቀ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር። ለዱቄት ቤት አላገኘንለትማ።

በመጀመሪያ ያሰብነው አስፋልቱ ዳር ያለውን ልኳንዳ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ አራጋው ሆደ ሰፊ፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ «ዕድሜ ልኩን አጥንት ሲቆረጥም ይኖራላ!» ብሎ በደስታ ተቀበለን። እኛም ከዚህ የተሻለ ምን አለ ብለን ተመለስን። ነገር ግን ልኳንዳ ቤት ውስጥ መፍለጫ አለ፤ የቆርቆሮ መዝጊያም አለ። መፍለጫው አጥንት ላይ ባረፈ ቁጥር ዱቄት ጠረጴዛው ሥር ይገባል፤ ማምሻውን የቆርቆሮው መዝጊያ ሲወርድ ደግሞ ሽንቱ አመለጠውና ገመዱን በጥሶ እያነከሰ ወፍጮ ቤት መጣ። ጋሽ አራጋው በማግሥቱ የተበጠሰውን ገመድ ይዞ መጥቶ፣ «ሉባባ፣ አትቀየሚኝ፤ ከሥጋ የሚሸሽ ውሻ በዕድሜዬ አላየሁም። ደሞስ አይጮኽም! ሌባ ቢመጣ ከሌባው ጋር አብሮ ዝም ሊል ነው እኮ» አላት። እናቴም ሳቀች፣ ግን ገመዱን ስትቀበለው ፊቷ ከብዶ ነበር።

ቀጥለን የሰማነው አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ገበሬ ውሻ እንደሚፈልግ ነው። ሙሄ ይባላል፤ በጎቹን ጅብ እያስቸገረው ነበር። ዱቄትን አይቶ፣ ጀርባውን ዳብሶ፣ «ቁመናው ጥሩ ነው፤ ኢንሻአላህ ይለምዳል» አለን። ቦታው ሰፊ ነበር፣ ውሃ ነበር፣ ሣር ነበር፤ እኔ እያለቀስኩ፣ እናቴም በእጇ አንገቴን ይዛ እያጽናናችኝ ተመለስን። ከሳምንት በኋላ ግን እናቴ ሌላ ጉዳይ ፈጥራ «አርዲቦ በኩል እንለፍ» አለችኝ። ደርሰን ስናይ ዱቄት ጥላ በሌለበት ቦታ፣ በአጭር ሰንሰለት ከግንድ ጋር ታስሯል። የእግሩ ቁስል እንደገና ተከፍቶ ዝንብ ሰፍሮበታል። ሲያየን ጭራውን እንኳ አልቆላም፤ ጭንቅላቱን ብቻ መሬት ላይ አስተኛ።

ሙሄ ክፉ ሰው አልነበረም። ከእርሻው እየሮጠ መጥቶ እጁን በጋቢው እየጠረገ፣ «እንዲቆጣ ነው ያሰርኩት እህቴ» አላት፤ «ውሻ ካልታሰረ አይቆጣም፣ ካልተቆጣ አይጮኽም። በጎቼ አለቁ፣ እኔስ ምን ልሁን?»

እኔ እናቴ ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ድምፅዋ ግን እንደ ሹክሹክታ ዝቅ ብሎ ወጣ። «ይኼ ታስሮ አይቆጣም፣ ወንድሜ» አለች። «የታሰረ ሁሉ አይቆጣም። አንዳንዱ ዝም ነው የሚለው።» ከዚያ ዝቅ ብላ ሰንሰለቱን በገዛ እጇ ፈታች። ሙሄም አልከለከላትም፤ ይልቅ ከቤቱ ውሃ አስመጥቶ ውሻውንም እኛንም አጠጣና እስከ መንገዱ ሸኘን። ወደ ሐይቅ በእግራችን ስንመለስ ዱቄት ሲደክመው እናቴ ጎንበስ ብላ አቀፈችው። በአገር መንገድ ላይ፣ ሰው እያያት፣ ውሻ ታቅፋ ሄደች።

በልግ ገባ። ከአምባሰል ተራራ ላይ ደመናው ከሰዓት በኋላ እየወረደ ካፊያ ይጥል ጀመር፤ ወፍጮ ቤቱም ያ የረጠበ ውሻ ጠረን ሞላው። ደምሴ የመጨረሻውን ዕቃ ይዞ መጣ። አባቴ እጁን እያፍተለተለ እደጁ ላይ ቆመ፤ ደምሴ የማስነሻውን እጀታ ይዞ ሞተሩን አዞረው፣ ሞተሩም አንዴ አስነጠሰና እንደ ተኩስ ጓ! ብሎ ቆመ። ዱቄት ከመቅጽበት ከጆንያዎቹ ሥር ገብቶ ጠፋ። ደምሴ መፍቻውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ተንበርክኮ፣ ጆንያውን ገለጥ አድርጎ፣ የሚንቀጠቀጠውን ውሻ ለብዙ ጊዜ አየው።

«ይኼ ውሻ አይጮኽም እንዴ?» አለ።

«ከመጣ ጀምሮ አንድም ቀን» አለች እናቴ። «ማንም ያልፈለገው በሱ ነው።»

ደምሴ አሁንም አልተነሣም። «እህቴ ጥሩነሽ አምባሰል ነው ያለችው፣ ወደ ግሸን በሚወስደው መንገድ» አለ። «መላኩ የሚባል ልጇ ዘምቶ ተመልሷል። አካሉ ሙሉ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ድምፅ ግን አይችልም። ድስት ሲወድቅ አልጋ ሥር ነው የሚገባው። እህቴ አውራ ዶሮዋን ለጎረቤት ሰጠች፣ የጓሮ ውሻዋንም ዘመድ ጋ ላከችው። ቤቱ ጭር ብሎ ቀረ። ልጁም ከጓሮ ወደ አልጋው ነው፣ ከአልጋው ወደ ጓሮ።» ከዚያ እናቴን ቀና ብሎ አያት። «የማይጮኽ ውሻ ያስፈልጋቸዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ አሁን ሳየው ነው።»

አባቴ «በል እንግዲህ፣ ነገውኑ ይዘኸው ሂድ» ሊል ሲጀምር እናቴ አቋረጠችው። «እኔና ዘይኑ እንወስደዋለን። ቤቱን ሳላይ አልሰጥም።» አባቴ እናቴ እንዲያ ስትናገር ሰምቶ አያውቅም፤ ደምሴን አየ፣ እኔን አየና «ሂዱ» አለ።

በማግሥቱ ሞተሩ በደንብ ተነሣ፤ ጣሪያችን እንደ ጥንቱ ተንቀጠቀጠ፤ እኛም ከደምሴ ጋር መናኸሪያ ሄድን። የአውቶቡስ ረዳት ውሻ እንደማያሳፍር ታውቃለች፤ ስለዚህ እናቴ ዱቄትን ባዶ ጆንያ ውስጥ ከታ፣ አፉን ላላ አድርጋ ይዛ፣ እንደ እህል ታቀፈችው። ረዳቱ ጆንያውን በጣቱ ነካ አድርጎ «ምንድነው ይኼ እትዬ?» አላት።

«ዱቄት ነው» አለች እናቴ ሳትስቅ።

ደምሴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እኔ ከንፈሬን ነክሼ እስከ ውጫሌ ደረስኩ። ዱቄትም ቃል አልወጣውም።

ከውጫሌ በኋላ ለግሸን ተሳላሚዎች በተጠረገው መንገድ በአንድ የጭነት መኪና ጥቂት ተጉዘን፣ የቀረውን በእግር ወጣን። የእትዬ ጥሩነሽ ቤት በቁልቋል የታጠረች፣ ገደሉ ከበላይዋ የቆመ የድንጋይ ቤት ነበረች። ሴትዮዋ ወደ እኛ ስትመጣ ኮቴዋ አይሰማም፤ ሰላምታዋም ሹክሹክታ ነበር። ስንገባ የበሩ ማጠፊያ ሲጥ እንዳይል ጨርቅ ተጠቅልሎበት፣ የድስት ክዳኖቹም እያንዳንዳቸው በጨርቅ ተሸፍነው አየሁ። እናቴም አየች። ጫማዋን አወለቀችና በባዶ እግሯ ወደ ጓሮ ወጣች።

መላኩ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ፣ በጋቢ ተሸፍኖ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ ይሆናል፤ ከኋላው ሲያዩት ግን ሽማግሌ ይመስላል። እናቴ ከእሱ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እኔም ተቀመጥኩ። ዱቄት በመካከላችን ጋደም አለ። መላኩ አንዴ ዞር ብሎ ውሻውን አየው፤ መልሶ ፊቱን አዞረ። ጊዜው ሄደ። ደመናው ከገደሉ ላይ ወረደ። እኔ፣ በቃ አልሆነም፣ ይዘነው ልንመለስ ነው ብዬ በልቤ መደሰት ጀምሬ ነበር።

ያኔ ነጎድጓዱ መጣ። አምባሰል ላይ ነጎድጓድ አንድ ጊዜ አይደለም የሚሰማው፤ ገደሉ ተቀብሎ ይመልሰዋል፣ ሌላው ገደል ደግሞ ይቀበለዋል። መላኩ ከድንጋዩ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን በሁለት ክንዱ ይዞ ተኮራመተ። ዱቄትም ወደ እናቴ አልሮጠም፣ ወደ እኔም አልመጣም፤ በሆዱ እየተሳበ ሄዶ ቅርቡ በነበረው ጋቢ ሥር ገባ። ሁለቱም ሲንቀጠቀጡ ጋቢው ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ልትሮጥ ስትል ደምሴ ያዛት። ነጎድጓዱ ደገመ፤ ዝናቡም ጀመረ። ከዚያ ከጋቢው ሥር አንድ የጎረነነ፣ የተዘጋ ድምፅ ሰማን።

«አብሽር… አብሽር። ዝናብ ነው። ዝናብ ብቻ ነው።»

መላኩ በሁለት እጁ የውሻውን ጆሮዎች ይዞ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። በኋላ እንደነገረችን፣ ከተመለሰ ጀምሮ እነዚያን ቃላት በየቀኑ የምትለው እሷ ነበረች፤ እሱ ለሌላ ሲል የሰማችው ያን ዕለት ነው። በዝናቡ ውስጥ ማናችንም ከተቀመጥንበት አልተነሣንም።

ካባራ በኋላ እናቴ ቀስ ብላ ተጠጋችና «ዱቄት ይባላል» አለችው። «እግሩ ድሮ ተጎድቷል፤ ሲበርድ ያመዋል። ሰንሰለት አይችልም።»

መላኩ አላያትም፤ እጁ ግን የውሻውን ጀርባ ያሽ ነበር። «እኔም አልችልም» አለ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች እናቴ። «ስሙን እንዳትቀይሩበት።»

«ዱቄት» አለ መላኩ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው። «ዱቄት።» ውሻውም ጆሮውን አቆመ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ እኔ ወደ ኋላ እየዞርኩ አለቅስ ነበር። ከላይ ያ ቤት እያነሰ ሄደ፤ ብርዱም እየጠነከረ መጣ። «እማ፣ ይበርደው ይሆን?» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን ብዬ እንደጠራኋት የገባኝ። እናቴም ሰምታዋለች፤ እርምጃዋ ለአፍታ ተሳስቶ ነበርና። «አይበርደውም ልጄ» አለች፣ ጆንያውን አጥፋ ትከሻዬ ላይ እየደረበችልኝ፤ «ጋቢው ሰፊ ነው።»

ነገሩ ሁሉ በዚያ ቀን ተስተካከለ ማለት አይደለም። ደምሴ ለጥገና በመጣ ቁጥር ወሬ ያመጣልን ነበር፤ መላኩ ከአልጋው የማይነሣባቸው ቀኖች ነበሩ፣ ያኔ ዱቄትም ከአልጋው ሥር አይወጣም፤ ምግባቸውን አንድ ላይ ነው የሚሰጧቸው። የሚወጡባቸውም ቀኖች ነበሩ፤ በመጀመሪያ እስከ ቁልቋሉ አጥር፣ ኋላ እስከ ምንጩ። በሚቀጥለው መስከረም ሕዝቡ ወደ ግሸን በሚጎርፍበት ሰሞን ጎረቤታችንን ልንሸኝ ውጫሌ ድረስ ሄደን፣ እናቴ «እግረ መንገዳችንን» ብላ እስከ መንገዱ ጫፍ ወሰደችኝ። መላኩ ለተሳላሚዎች ውሃ በጀሪካን ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር፤ ዱቄትም ከእግሩ ሥር። ውሻው እናቴን እንዳየ ሮጦ መጣና እጇን አሸተተ፣ ላሰው፣ ጭራውን ቆላ። ከዚያ ማንም ሳይጠራው ዞሮ ወደ መላኩ ሄደ።

«አወቀኝ» አለች እናቴ።

«አወቀሽ፤ ግን ሄደ» አልኳት ቅር ብሎኝ።

«ቤቱ ነዋ» አለች። ደስ ብሏት ነበር፣ ዐይኗም እንባ አቅርሮ ነበር።

አሁን መላኩ አግብቶ ሁለት የንብ ቀፎ እንደሰቀለ፣ ዱቄትም አርጅቶ ፀሐይ ላይ መተኛት እንደሚያበዛ እሰማለሁ። እኔ ደሴ እሠራለሁ፤ በየወሩ መጨረሻ ሐይቅ እወርዳለሁ። በዚያ በጦርነቱ ዓመት ማታ ማታ ደጃችን ሲንኳኳ ሁላችንም ወሬያችንን አቋርጠን እንተያይ ነበር፤ አባቴ መብራቱን ይቀንሳል፣ እኔ ከእናቴ ጀርባ እገባለሁ፣ አንኳኪው ስሙን ተናግሮ፣ የአባቱን ስም ተናግሮ፣ ድምፁን እስክንለይ ድረስ ማንም ወደ በሩ አይሄድም ነበር። ባለፈው የሄድኩ ጊዜ ደጁ ተንኳኳ። እናቴ ጉልበቷ ላይ ያለውን ልብስ እየሰፋች ነበር፤ መርፌዋን አላቆመችም፣ ማን እንደሆነም አልጠየቀችም።

«ግቡ» አለች፤ «ክፍት ነው።»